የመኪና አርማና የውጭ ጌጥ ቀለም ሳይጎዳ እንዴት ይወልቃል?

የመኪናን አርማ፣ የሞዴል ጽሑፍ ወይም በበር ጎን የሚሄደውን የፕላስቲክ ጌጥ ማውለቅ በጅማ ጋራዦች ዘወትር የሚያጋጥም ሥራ ነው። አንዱ የተጋጨ በሩን ላሜራ አስመትቶ ቀለም ከማስቀባቱ በፊት ያስወልቃል፤ ሌላው በጨረታ ከገዛው መኪና ላይ የቀድሞውን ድርጅት መለያ ሊያነሳ ይፈልጋል፤ ሌላው ደግሞ በጌጡ ጠርዝ ሥር የዝገት ውኃ ሲወርድ አይቶ ውስጡን ለመመርመር ይነሳል። ሥራው ቀላል ስለሚመስል ብዙ ጊዜ ካቻቢቴ ይዞ ለቆመ ልጅ ይሰጣል፤ በዚህም የተነሳ በሃያ ደቂቃ ጥንቃቄ ሊተርፍ የሚችል ቀለም በአንድ ንቅናቄ ተገሽልጦ ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ ያለው መፍትሔ የበሩን ሙሉ ገጽ እንደገና መቀባት ብቻ ነው።

በዚህ ጉዳይ የሚነገሩት ምክሮች በአብዛኛው የታሰቡት ከፋብሪካ የወጣበትን ቀለም እንደያዘ ላለ መኪና ነው። እኛ ዘንድ የሚሽከረከረው መኪና ግን ብዙው አገልግሎ የገባ፣ እዚህም ከመጣ በኋላ ቢያንስ አንድ በሩ ወይም አንድ ፓራፋንጎው (ከጎማው በላይ ያለው የጎን ላሜራ) የተቀባ ነው። ስለዚህ አርማው በምን እንደተያዘ ከመጠየቅ በፊት ቀለሙ ላሜራውን ምን ያህል እንደያዘ መጠየቅ ያስፈልጋል። በዚህ መመሪያ ለዚህ ጥያቄ ሰፊ ቦታ የሰጠሁት ከሚደርሰው ጉዳት አብዛኛው የሚጀምረው እዚህ ላይ መሆኑን ስለማምን ነው።

ቀለሙን መመርመር

በፋብሪካ የተቀባ መኪና የላይኛው ቀለሙ የሚደርቀው በምድጃ ውስጥ፣ በ140 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሙቀት ነው። ከሥረኛው የዝገት መከላከያ ጀምሮ እስከ ላይኛው ጥርት ያለ፣ ትራንስፓረንት የሚባል ሽፋን ድረስ ያለው ውፍረት በአብዛኛው ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ብቻ ሲሆን፣ ይህም ከአንድ የጽሕፈት ወረቀት ውፍረት እምብዛም አይበልጥም። ቢሳሳም ላሜራውን አጥብቆ የያዘ ነውና መጠነኛ ሙቀትንና የዋህ ማጽጃን ይችላል። በጋራዥ የተቀባ ቀለም ደግሞ በአየር የሚደርቅ ነው፤ ጥንካሬውም ከመቀባቱ በፊት አሮጌው ገጽ በብርጭቆ ወረቀት በሚገባ በመታሸቱና ቅባቱ በመጽዳቱ ላይ ይወሰናል።

አንድ ጊዜ ከነጭ ኮሮላ የኋላ ኮፈን ላይ በካቻቢቴ የተነሳ አርማ በእጄ ይዤ አይቻለሁ። በጀርባው ላይ አውራ ጣት የሚያህል የቀለም ቅርፊት ተጣብቆ ነበር። ቅርፊቱን ገልብጬ ስመለከት ጀርባው እንደ መስታወት የሚያብረቀርቅ ሆኖ አገኘሁት፤ ኮፈኑ ላይ በተከፈተው ቦታም አንዳች የብርጭቆ ወረቀት ጭረት የሌለበት አሮጌ ሰማያዊ ቀለም ይታይ ነበር። ነጩ ቀለም ሳይታሽ በቀረ ሰማያዊ ላይ ስለተረጨ ከሥሩ የሚይዘው አልነበረም። እንዲህ ያለውን ቀለም ማንኛውም ጉልበት ያነሳዋል፤ በሙቀትም በክርም ሲሠራ እንኳ ሥጋቱ አይጠፋም።

መኪናው ተቀብቶ እንደሆነ ለማወቅ በሩን ከፍተው የበር ጎማዎቹን ጠርዝ ይመልከቱ፤ የመኪናው ቀለም ነጠብጣብ ወይም ጭጋግ መሰል ብናኝ ካረፈበት ያ ገጽ ተረጭቷል ማለት ነው። የበር ማጠፊያ ብሎኖች አናት ላይ ቀለሙ የተላጠ መሆኑ ብሎኑ ተፈትቶ እንደነበር ይጠቁማል። ጣትዎን በበሩ ውስጠኛ ጠርዝ ላይ ሲያስኬዱ የወረቀት ፕላስተር የቆመበት ስለታም መስመር ካገኙም ምልክት ነው። ከተሰበረ ድምፅ ማጉያ የወጣ ትንሽ ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልለው በገጹ ላይ ቢያስጠጉት፣ በአንድ ስፍራ ጠበቅ ብሎ በሌላው ስፍራ ከላላ ከላላው ቦታ ሥር ስቱኮ (የላሜራ ጉድጓድ መሙያ) መኖሩን ይነግርዎታል። ይህ ሙከራ በፕላስቲክ ባምፐርና በአሉሚኒየም ላይ አይሠራም።

ከሁሉም በላይ የአርማውን ዙሪያ ከቅርብ ይመርምሩ። ቀቢው አርማውን ሳያወልቅ ዙሪያውን በፕላስተር ሸፍኖ ረጭቶ ከሆነ ቀለሙ ከላሜራው ተነስቶ ወደ አርማው ጠርዝ እንደ ስስ ቆዳ ወጥቶ ይታያል። ይህ ቆዳ ሳይቆረጥ አርማው ቢነሳ የሚቀደደው መስመር ወዴት እንደሚሄድ ማንም አያውቅም። ሹል ምላጭ ይዞ በአርማው ጠርዝ ላይ፣ ከላሜራው ይልቅ ወደ አርማው አዘንብሎ ቆዳውን መቁረጥ ይቻላል፤ ነገር ግን ይህ የሠለጠነ እጅ የሚጠይቅ በመሆኑ ለቀለም ባለሙያ ቢተዉት ይሻላል።

ጥርጣሬ ከቀረዎት የማጣበቅ ሙከራ ያድርጉ። የወረቀት ፕላስተር በዚያው ገጽ ላይ፣ ከዓይን በራቀ ዝቅተኛ ጠርዝ ይለጥፉና በጣት አጥብቀው ካሹት በኋላ ፈጠን አድርገው ያንሱት። ቀለም ይዞ ከመጣ ሥራውን እዚያው ያቁሙ፤ ገጹ የሚቀባበት ቀን እስኪደርስ ድረስ አርማው ባለበት ይቆይ። ሙከራው በዚያው ገጽ ላይ መደረግ አለበት ያልኩት ምክንያት አለኝ። የተቀባው የግራ በር ብቻ ከሆነ በቀኙ በር ላይ የተደረገ ሙከራ ስለ ግራው ምንም አይነግረንም። በቅርቡ የተቀባ መኪና ከሆነም ቢያንስ አንድ ወር፣ በክረምት የተቀባ ከሆነ ከዚያም በላይ ሳይነካ ይቆይ።

አያያዙን ማወቅ

የውጭ ጌጦች ከአካሉ ጋር የሚያያዙት በሦስት መንገድ ነው። የሞዴል ጽሑፎችና አብዛኞቹ ጠፍጣፋ አርማዎች ግራና ቀኙ ሙጫ በተቀባ፣ ውፍረቱ 1 ሚሊ ሜትር በሚያህል ስፖንጃማ ፕላስተር ይለጠፋሉ። አንዳንድ አርማዎች፣ በተለይም የኋላ ኮፈን ላይ የሚቀመጡት ክብና ሞላላ አርማዎች፣ ከፕላስተሩ በተጨማሪ በላሜራው ቀዳዳ ውስጥ የሚገቡ ሁለት አጫጭር የፕላስቲክ እሾሆች አሏቸው። የበር ሥር ጌጦች፣ የጎማ ላይ ቅንድቦችና የፊት ፍርግርግ አርማዎች ደግሞ በፕላስቲክ ክሊፕ፣ በብሎን ወይም ከጀርባ በሚገባ ቆላፊ ቀለበት ይታሠራሉ፤ ሦስቱም በአንድ ጌጥ ላይ ተቀላቅለው የሚገኙበት ጊዜ ብዙ ነው።

ከውጭ በመገመት ፋንታ ከውስጥ ይመልከቱ። የኋላውን ኮፈን ከፍተው የውስጡን ልባስ ካነሱ በኋላ በባትሪ ሲያዩ እሾህ፣ ዳዶ ወይም ቀዳዳ ካለ ይታይዎታል። ለበር ጌጥ በሩን ከፍተው የጌጡን ጫፍ በሩ በሚዘጋበት በኩል ይፈትሹ፤ ብዙ ጌጦች ጫፋቸው ላይ የተደበቀች አንዲት ብሎን አላቸው፤ ይህች ብሎን ሳትፈታ የተሳበ ጌጥ ከመሰበር አይድንም።

በቅርብ ዓመታት ወደ አገራችን በገቡት መኪኖች፣ በተለይም በኤሌክትሪክ መኪኖች ላይ፣ አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በአንዳንዶቹ የፊት አርማው ከጀርባው ላለው ራዳር መሸፈኛ ነው፤ በሌሎቹም የኋላ አርማው የኮፈን መክፈቻ ወይም የካሜራ ቤት ይሆናል። እነዚህ ጌጥ ብቻ ስላልሆኑ ሽቦ መኖር አለመኖሩ ሳይረጋገጥ አይነኩም። የሻንሲ ቁጥር የተጻፈባቸው ታርጋዎችና ተለጣፊዎችም የመኪናው መታወቂያ እንጂ ጌጥ ስላልሆኑ በምንም ምክንያት አይነሱም።

ጊዜና መሣሪያ

በጅማ ለዚህ ሥራ የሚመቸው ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ደረቅ ወቅት ነው፤ ሰዓቱም ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ቢሆን ይመረጣል። የታኅሣሥ ንጋት ላይ ላሜራው በጣም ስለሚቀዘቅዝ ስፖንጁ ይደርቃል፤ የደረቀ ስፖንጅ መለጠጥ ስለማይችል የሚደርስበትን ጉልበት ሁሉ በቀጥታ ወደ ቀለሙ ያስተላልፋል። በክረምት የግድ መሥራት ካለብዎት ጣሪያ ሥር አድርገው መኪናው በሚገባ እስኪደርቅ ይጠብቁ።

የሚያስፈልጉት ነገሮች በቀላሉ ይገኛሉ፤ የፀጉር ማድረቂያ ወይም ሙቅ ውኃ የያዘ ፔርሙስ፣ ውፍረቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር የሚሆን የዓሣ ማጥመጃ ናይለን፣ የወረቀት ፕላስተር፣ ንጹሕ የጥጥ ጨርቆች፣ ያለቀበት የባንክ ካርድ፣ የፈሳሽ ሳሙና፣ ላምባ፣ አልኮልና ኮምፓውንድ የሚባለው የቀለም ማሻ ቅባት ናቸው። ናይለኑ በግልገል ጊቤ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ዓሣ የሚያሰግሩ ሰዎች የሚይዙት ዓይነት ነው፤ ካልተገኘ ጠንካራ የጥርስ ማጽጃ ክር ለትንንሽ ፊደላት ይበቃል። ካቻቢቴ፣ ቢላ፣ የስቱኮ መቀቢያ ብረትና ማንኛውም ሌላ ብረት ከአጠገብዎ ይራቅ፤ በችኮላ ሰዓት እጅ የሚሄደው ወደ ቀረበው ነገር ነውና።

ማጠብና ምልክት ማድረግ

ከአጋሮ፣ ከሊሙና ከጌራ የሚመለስ መኪና ከጌጦቹ ጠርዝ ሥር ቀይ አፈር ሳይዝ አይገባም። ይህ አፈር ውስጡ ደቃቅ አሸዋ ስላለበት በክርና በቀለም መካከል ከገባ ከክሩ ይልቅ እሱ ራሱ ቀለሙን ይቧጭራል። ስለዚህ ገጹን በብዙ ውኃና በሳሙና ይጠቡ፤ በጌጡ ዙሪያ በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ከጠርዙ ወደ ውጭ እየጠረጉ ያጽዱ፤ ውኃው ጥርት ብሎ እስኪወርድ ድረስም አያቁሙ። ከዚያ በኋላ በደንብ ያድርቁት።

ጌጡ ተመልሶ የሚለጠፍ ከሆነ ከማንሳትዎ በፊት ፎቶ ያንሱ፤ ከላይና ከጎን ሁለት የወረቀት ፕላስተር መስመሮችን በጠርዙ ልክ ለጥፈው በእርሳስ ምልክት ያድርጉ። ፕላስተሩ ምልክት ከመሆኑም በላይ ክሩ ቢያመልጥ ቀለሙን ይጠብቃል። ቀለሙ በማጣበቅ ሙከራው ካጠራጠረዎት ግን ፕላስተሩም ራሱ ቀለም ሊያነሳ ስለሚችል ቀድመው ልብስ ላይ ለጥፈው ያላቁትና የማጣበቅ ኃይሉን ይቀንሱ።

ማሞቅ

የማሞቅ ዓላማው ስፖንጁንና ሙጫውን ማለስለስ ብቻ ነው፤ አርማው በራሱ እስኪወድቅ ድረስ ማሞቅ አይደለም። የሚፈለገው ሙቀት ከ50 እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው፤ መለኪያ ከሌለዎት ያሞቁትን ላሜራ በእጅዎ መዳፍ ይንኩት። ለጥቂት ሰከንድ ታግሰው መያዝ ከቻሉ በቂ ነው፤ እጅዎን ወዲያው የሚያስመልስዎት ከሆነ አልፏል።

የፀጉር ማድረቂያውን ከገጹ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል አርቀው፣ አንድ ቦታ ሳያቆሙ በአርማውና በዙሪያው ላይ እያዟዟሩ ከአንድ እስከ ሁለት ደቂቃ ያሞቁ። አንዳንድ ጋራዦች የሚጠቀሙበት የኢንዱስትሪ ሙቀት መስጫ መሣሪያ ከ500 ዲግሪ በላይ ሊደርስ ይችላል፤ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ትራንስፓረንቱ አረፋ እንዲያበጅ ያደርጋል፣ ፕላስቲክ ባምፐርን ያጣምማል፣ የስቱኮውንም ይዞታ ያላቅቃል። በተቀባ መኪና ላይ ይህን መሣሪያ ጨርሶ አልመክርም።

መብራት በጠፋ ጊዜ ሙቅ ውኃ ያው ሥራ ይሠራል፤ እንዲያውም ለተቀባ መኪና ከፀጉር ማድረቂያው ይልቅ እኔ የምመርጠው ይህንኑ ነው፤ ምክንያቱም ሙቀቱ ወሰን አለው። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ውኃ እዚህ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ሆኖም እንደፈላ አይደረግም። ሁለት እጅ የፈላ ውኃ ከአንድ እጅ ቀዝቃዛ ውኃ ጋር ሲደባለቅ ወደ 70 ዲግሪ ይጠጋል፤ ወፍራም ፎጣ ነክረው፣ ጓንት አድርገው ጨምቀው በአርማው ላይ ሲያሳርፉት ፎጣው ቀዝቅዞ በሚፈለገው ሙቀት ላይ ይደርሳል። ፎጣውን ከሁለት እስከ ሦስት ጊዜ ይቀያይሩ። ሙቅ ውኃ በቀዝቃዛ መስታወት ላይ በድንገት ማፍሰስ መስታወቱን ሊሰነጥቅ ስለሚችል ለመስታወት ቅርብ በሆኑ ጌጦች ላይ ከማፍሰስ ይልቅ ፎጣ ይጠቀሙ።

ጥቁር ወይም ጥቁር ሰማያዊ መኪና ደግሞ በጥር ቀትር ፀሐይ ላይ አንድ ሰዓት ቢቆም ላሜራው ያለ ምንም መሣሪያ በቂ ሙቀት ያገኛል። ነጭ መኪና ፀሐይን ስለሚመልስ ለእሱ ይህ ብቻውን አይበቃም።

ክሩን ማስኬድ

ከ60 እስከ 70 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ናይለን ቆርጠው ሁለቱን ጫፎች በአጫጭር እንጨቶች ላይ ይጠምጥሙ፤ በባዶ ጣት ከተያዘ ጣት ይቆርጣል። ክሩን በሳሙና ውኃ ያርጥቡት። በአርማው የላይኛው ማዕዘን ላይ ክሩን ከጠርዙ ሥር ያስገቡና ግራና ቀኝ በአጫጭርና በማይቸኩሉ ጉተታዎች እያመላለሱ ወደ ታች ይሂዱ። እጆችዎ ከገጹ በጥቂቱ ከፍ ብለው ይያዙ፤ ክሩ ወደ አርማው ጀርባ ይጠጋል እንጂ ቀለሙን አይታከክም። የሚቆረጠው ስፖንጁ ነው፤ መሳሳት ካለበትም የአርማው ጀርባ ቢቧጨር ይሻላል።

ክሩ በትክክል ሲሄድ በጠርዙ በኩል ጥቁር ወይም ግራጫ የስፖንጅ ፍርፋሪ መውጣት ይጀምራል፤ ድምፁም ደረቅ ካርቶን በመጋዝ እንደመቁረጥ ያለ ዝቅተኛ ፍትጊያ ነው። ፍርፋሪው ቀርቶ ክሩ እየተለጠጠ ባለበት ከቆመ ስፖንጁ ቀዝቅዟል፤ እንደገና ያሙቁት። ሞቆም ክሩ በዚያው ቦታ ላይ ከቆመ የፕላስቲክ እሾህ አግኝቷል ማለት ስለሆነ አይታገሉት፤ እሾሁን በአንድ በኩል አልፈው ዙሪያውን ይቁረጡና ስፖንጁ ሁሉ ሲላቀቅ አርማውን ወደ ጎን ሳያዘነብሉ ቀጥ አድርገው ወደ ራስዎ ይሳቡ። በፍርፋሪው መካከል የመኪናው ቀለም ያለው ደቃቅ ቅርፊት ከታየዎት ወዲያውኑ ያቁሙ፤ ቀለሙ እየተነሳ ነው።

ክሩ ሲሰነጣጠቅ ወይም ሲጠጥር በአዲስ ይተኩት። አርማው ሊወድቅ ሲቃረብ ሌላ ሰው በመዳፉ ደግፎ ይያዘው፤ በአንድ ጫፍ ተንጠልጥሎ የቀረ ብረት የለበሰ አርማ ሲወዛወዝ ጠርዙ ቀለሙን ይጭረዋል። ፊደል በፊደል የተለጠፈ የሞዴል ስም ከሆነ እያንዳንዱን ለየብቻ ያሙቁ እንጂ ሁሉንም አሙቀው አንድ በአንድ ለመሄድ አይሞክሩ፤ የመጨረሻው ፊደል ጋ ሲደርሱ ቀዝቅዞ ይጠብቅዎታል።

ረጃጅም ጌጦች፣ ክሊፖችና ብሎኖች

በበር ጎን የሚሄደው ረጅም ጌጥ በተመሳሳይ መንገድ ይወልቃል፤ ልዩነቱ ከጫፍ ጀምሮ በየ15 ሴንቲ ሜትሩ እየሞቀና በክር እየተቆረጠ መሄዱ ነው። የተላቀቀውን ጫፍ ይዞ ወደ ውጭ መሳብ ብርቱ ፈተና ነው፤ ነገር ግን ጌጡ ረጅም በመሆኑ በእጅ የተሳበው ጉልበት ገና ባልተቆረጠው ቦታ ላይ ይጠራቀማል፤ ቀለሙንም እዚያ ላይ ያነሳዋል። የተላቀቀው ክፍል በረዳት ይደገፍ፣ ሳይታጠፍም ይቆይ፤ አንዴ የተቆለመመ ጌጥ ተመልሶ በበሩ ላይ አይተኛም። በመስኮት ላይ የሚለጠፉት የዝናብ መከላከያ ፕላስቲኮችም ሥራቸው ያው ነው፤ ዕድሜ ሲጫናቸው ስለሚሰባበሩ ተጨማሪ ሙቀት ይፈልጋሉ።

ክሊፕ ያለበትን ጌጥ ክር አይፈታውም። የክሊፑን ቦታ በጣት እየተጫኑ ይፈልጉ፤ ጌጡ የማይሰምጥበት ቦታ ክሊፕ ያለበት ነው። በጨርቅ የተጠቀለለ ጠንካራ ፕላስቲክ ከክሊፑ አጠገብ አስገብተው በአጭሩ ያንሱ፤ ከክሊፑ ርቆ ማንሳት ጌጡን ይሰብራል። ከውስጥ ለመድረስ ከተቻለ የክሊፑን ክንፎች በፒንሳ ጠበብ አድርጎ መግፋት ከሁሉ ይሻላል። አሮጌ ክሊፕ ሲወልቅ መሰበሩ ስለማይቀር ምትኩን ከመለዋወጫ ሱቅ አስቀድመው ያግኙ። ብሎንና ዳዶ ከዛጉ ቅባት አርፎባቸው ይቆዩ፤ የቆላፊ ቀለበቶችም ከጀርባ ሳይላቀቁ ከፊት አይሳቡ።

የቀረውን ሙጫ ማጽዳት

አርማው ከወጣ በኋላ በገጹ ላይ የስፖንጅና የሙጫ ቅሪት ይቀራል፤ ብዙ ሰው ትዕግሥቱ የሚያልቀው እዚህ ላይ ነው። በመጀመሪያ ቅሪቱን እንደገና አሙቀው በአውራ ጣትዎ ከጠርዙ ወደ መሐል እየገፉ ይጠቅልሉት፤ አብዛኛው በድቡልቡል መልክ ይነሳል። ጣት የማያነሳውን በባንክ ካርዱ ጠርዝ በስሱ ይግፉት። ከዚያ የማሞቂያው ሥራ አብቅቷልና መሣሪያውን ነቅለው ያርቁት፤ ላሜራውም ይቀዝቅዝ። የሚቀጥሉት ፈሳሾች የሚቀጣጠሉ ስለሆኑ ሙቀትና ፈሳሽ በአንድ ሰዓት በአንድ ቦታ መገናኘት የለባቸውም፤ ሲጋራም ሆነ የቡና ከሰል በአቅራቢያው አይኑር፤ ቦታው አየር የሚገባበት ይሁን።

ከዋህ ወደ ጠንካራ መሄድ ደንብ ነው። የምግብ ዘይት በጥጥ ነክረው በቅሪቱ ላይ ለ15 ደቂቃ ቢያኖሩት ሙጫውን ያላላዋል፤ ለማንኛውም ቀለም ሥጋት የለውም። ካልበቃ ላምባ በጨርቅ ጫፍ ነክረው ትንሽ ያቆዩና ሳይጫኑ ይጥረጉ። በመጨረሻ አልኮል የቀረውን ስስ ቅባት ያነሳል። እያንዳንዱን ፈሳሽ ቀድመው በዚያው ገጽ ላይ በተደበቀ ጠርዝ በነጭ ጨርቅ ይሞክሩት፤ ጨርቁ የመኪናውን ቀለም ከያዘ ወይም ገጹ ከደበዘዘና ከለሰለሰ ፈሳሹ አይሆንም። ትራንስፓረንት የሌለው ቀለም ግን በመታሸት ብቻም ጨርቁን በጥቂቱ ሊያቀልም ስለሚችል፣ በእሱ ላይ ወሳኙ መልስ የገጹ መለስለስ ነው።

ቲነር በየቀለም ሱቁ ስለሚገኝና ሙጫን በቅጽበት ስለሚያጠፋ የሚመርጡት አሉ። የፋብሪካ ቀለም ፈጣን ጥርገትን ይችል ይሆናል፤ በአየር የደረቀ የጋራዥ ቀለም ግን በቲነር የቀጠነ ስለሆነ በቲነር ተመልሶ ይፈታል። ጨርቁ ባለፈበት ሁሉ መጨማደድ ወይም መደብዘዝ ይቀራል። አሴቶንና የፍሬን ዘይትም እንደዚሁ ቀለም ይበላሉ። ቤንዚን ደግሞ ትነቱ ከሩቅ እሳት የሚጠራ በመሆኑ ለዚህ ሥራ አያስፈልግም። ሁሉም ካበቃ በኋላ ገጹን በሳሙናና በውኃ ይጠቡ።

በስቲከር መልክ የተለጠፉ የድርጅት መለያዎችም በሙቀት ይነሳሉ፤ የተነሳውን ጫፍ ወደ ራሱ አጥፈው ከገጹ ጋር እጅግ አቀራርበው በዝግታ ይሳቡ እንጂ ቀጥ አድርገው ወደ ውጭ አይጎትቱ። በኋላ መስታወት የውስጥ ገጽ ላይ ላለ ስቲከር ምላጭ አይጠቀሙ፤ ቀጫጭኖቹን የሙቀት መስመሮች ይቆርጣቸዋል።

የሚቀረው ጥላ፣ ቀዳዳና ዝገት

አርማው ለዓመታት የተቀመጠበት ቦታ ላይ ቅርጹ እንደ ጥላ ቀርቶ ሊታይ ይችላል። በከፊል የቆሻሻና የሰም ክምችት ስለሆነ ኮምፓውንድ በለስላሳ ጨርቅ ይዞ በእጅ በማሸት ይቀንሳል። በከፊል ደግሞ ፀሐይ በዙሪያው ያለውን ቀለም አደብዝዛ፣ በአርማው ሥር ያለውን ስላልነካችው የመጣ የቀለም ልዩነት ነው፤ ይህ በተለይ በቀይ መኪና ላይ ጎልቶ ይታያል። ትራንስፓረንቱ በአብዛኛው ከ40 እስከ 50 ማይክሮን ብቻ ስለሆነ ልዩነቱን በግድ ለማጥፋት በማሽን ደጋግሞ ማሸት ሽፋኑን ይጨርሰዋል። ከሁለት ዙር የእጅ ማሸት በኋላ የቀረውን ጥላ ይተዉት፤ ጸሐይ ራሷ በጊዜ ብዛት ታቀራርበዋለች።

በጌጥ ሥር ያገኙት ቀለም አረፋ ካበጀ ወይም ጠርዙ ከተነሳ ከሥሩ ዝገት አለ። ይህን በኮምፓውንድ አይሸፍኑ፤ የላላው ተነስቶ፣ ላሜራው ታሽቶ፣ አንቲረስት (የዝገት መከላከያ ቀለም) ተቀብቶ እንደገና መቀባት አለበት። ዓመቱን በአብዛኛው በሚዘንብበት በጅማ አየር እንዲህ ያለ ቦታ ራሱን አያድንም። የእሾህና የክሊፕ ቀዳዳዎችም ክፍት አይተዉ፤ ውኃ በእነሱ በኩል ወደ በሩና ወደ ኮፈኑ ሆድ ይገባል። ጠርዛቸውን አጽድተው በቀጭን ብሩሽ አንቲረስት ይቀቡ፤ ከደረቀ በኋላ በልካቸው የጎማ መድፈኛ ያስገቡ። ገጹ የሚቀባ ከሆነ ቀዳዳውን በስቱኮ ብቻ መሙላት በቂ አይደለም፤ በንዝረት ተሰንጥቆ ይወድቃልና በብየዳ ይዘጋ።

አርማውን መልሶ መለጠፍ

ከአርማው ጀርባ ያለው አሮጌ ስፖንጅ ሙሉ በሙሉ ይነሳ፤ ጀርባው በአልኮል ይጸዳ። ለመኪና ውጭ የተሠራ ስፖንጃማ ሁለት ፊት ፕላስተር በአርማው ቅርጽ ልክ፣ ከጠርዙ 1 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ገብቶ ይቆረጥ። ሱፐር ግሉና ማስቲሽ አይጠቀሙ፤ ሱፐር ግሉ ደርቆ ስለሚጠጥር በሚቀጥለው ጊዜ ቀለሙን ሳይዝ አይወጣም፤ ማስቲሽ ደግሞ ውስጡ ያለው ፈሳሽ የጋራዥ ቀለምን ያለሰልሳል።

የመኪናው ገጽ በእኩል መጠን በተደባለቀ አልኮልና ውኃ ተጠርጎ ይድረቅ፤ ሙቀቱም ከ20 ዲግሪ ባያንስ ይመረጣልና በጠዋት ብርድ አይለጥፉ። በእርሳስ ምልክቱ ላይ አስተካክለው አንድ ጊዜ ያሳርፉ፤ ካረፈ በኋላ ማንሸራተት አይቻልም። እያንዳንዱን ክፍል በአውራ ጣት ለ20 ሰከንድ ያህል አጥብቀው ይጫኑ። ሙጫው ሙሉ ኃይሉን የሚያገኘው ከ72 ሰዓት በኋላ ስለሆነ በእነዚህ ሦስት ቀናት መኪናውን ወደ እጥበት አይውሰዱ፤ በተለይም በግፊት ውኃ የሚያጥቡ ሰዎች ቧንቧውን ወደ አርማው ጠርዝ እንዳያዞሩ አስቀድመው ይንገሯቸው።